ቫለሪ አዳምስ ወርቋን በስጦታ አላገኘችም

ሰሞኑን ስለ ኒውዚላንዷ አሎሎ ወርዋሪ ስለ ቫለሪ አዳምስ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ። በአማርኛ ስለ አሎሎ ውርወራ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። እየገፋሁ ስሄድ ግን ተናደድኩ። ጸሐፊው በአትሌቷ ላይ አምስት ነገር ያነሳሉ። የለንደን ኦሊምፒክ ወርቋ በሌላ ሰው ጥፋት የተገኘ ስጦታ ነው ይላሉ። የነገሠችው ተቀናቃኝ በሌለበት ዘመን ነው ይላሉ። ወደ ዓለም ክብረወሰኑ እንኳ አልተጠጋችም ይላሉ። አሎሎ የግዙፍ ሰውነት ጉዳይ ስለሆነ ከቤተሰቧ በወረሰችው ቁመት ነው ያሸነፈችው ይላሉ። በመጨረሻም በ2014 ማቆም ሲገባት እየወረደች ቆይታ ስሟን አደበዘዘች ብለው ይደመድማሉ። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ እኛ የሩጫ ሀገር ነን፣ ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይረባናል የሚል ጥያቄ ጨምረዋል።

በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከለንደን ልጀምር። የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው።

ጸሐፊው እንደሚነግሩን የቤላሩሷ ናዴያ ኦስታፕቹክ 21.36 ሜትር ወርውራ አሸነፈች። አዳምስ በ20.70 ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ኦስታፕቹክ በአበረታች መድኃኒት ተያዘችና ወርቁ ለአዳምስ ተላለፈ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። የተተወው ግን ብዙ ነው።

ውድድሩ የተደረገው ኦገስት 6 ቀን 2012 ነበር። ማጣሪያው ጠዋት፣ ፍጻሜው በዚያው ቀን ማታ። ዋዜማው ላይ አዳምስ አንድ ነገር ሰማች፤ ስሟ ተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። የሀገሯ ቡድን ኃላፊዎች ተሳትፎዋን በአግባቡ አላስመዘገቡም ነበር። እንግዲህ አስቡት። የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ናት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አራት ዓመት ለዚህች ቀን ስትዘጋጅ ከርማለች። ማረፍና መተኛት በሚገባት ሰዓት ግን እወዳደራለሁ ወይስ አልወዳደርም በሚል ጭንቀት ውስጥ ናት። ነገሩ ተስተካክሎ ገባች። 20.70 የወረወረችው ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው።

አሁን ወደ ኦስታፕቹክ እንሂድ። ሁለት ናሙና ተወስዶባታል። አንዱ ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን፣ ሌላው በውድድሩ ቀን። በሁለቱም ሜቴኖሎን የሚባለው ስቴሮይድ ተገኘ። ውድድሩ ካለቀ ከሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 13፣ ውጤቷ ተሰረዘ። ያ 21.36 ሜትር የተወረወረው መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ እያለ ነው። ስለዚህ አሸናፊ ሆኖ አያውቅም፤ ለጥቂት ቀናት አሸናፊ መስሎ ታየ እንጂ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ያን ምሽት 20.48 ወርውራ ሦስተኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ዬቭጌኒያ ኮሎድኮም በ2016 ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር ተይዛ ውጤቷን አጥታለች። መድረኩ ላይ ከቆሙት ሦስት ሴቶች ሁለቱ ተሰረዙ። ዛሬ የለንደን መዝገብ ሲከፈት አዳምስ አንደኛ፣ ቻይናዊቷ ጎንግ ሊጂያዎ ሁለተኛ፣ ሌላዋ ቻይናዊት ሊ ሊንግ ሦስተኛ ናቸው። ከሦስቱ ያን ማታ መድረክ ላይ የነበረችው አዳምስ ብቻ ናት።

ጸሐፊው ይህን ስጦታ ይሉታል። እኔ ደግሞ የምለው ዶፒንግ ለዚህች ሴት የሰጣት ነገር የለም፣ ወሰደባት እንጂ ነው። ሰማንያ ሺህ ሰው በሞላበት ስታዲየም መዝሙሯን የመስማት ዕድሏን ወሰደባት። ወርቋን የተቀበለችው በሴፕቴምበር፣ ኦክላንድ ውስጥ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት ላይ ከሀገሪቱ ጠቅላይ ገዥ እጅ ነው። ወገኖቿ በደስታ አጅበዋታል፤ ሆኖም ለንደን ማታ ላይ በክብሩ ሰዓት መድረኩ ላይ ሁለተኛ ሆና የቆመችበትን ቅጽበት ማንም መልሶ ሊሰጣት አይችልም።

እኛ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። መሠረት ደፋር በቤጂንግ ኦሊምፒክ 5 ሺህ ሜትር ነሐስ ይዛ ነበር የተመለሰችው። ከዓመታት በኋላ ለቱርክ የምትሮጠው የኤልቫን አቤይለጌሴ ውጤት ተሰርዞ መሠረት ወደ ብር ከፍ አለች። ታዲያ የመሠረት ብር ስጦታ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ አለ? የለም። ድሮም የሷ ነበር፣ ዘግይቶ ደረሳት እንላለን። ለአዳምስም ይኸው ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አዳምስ ገና 20 ዓመቷ ነበር። 19.62 ወረወረችና ነሐስ ወሰደች። ያን ጊዜ ወርቁን የወሰደችው ማን ናት? ኦስታፕቹክ። በ2013 የተቀመጠው ናሙና ሲመረመር ያም ውጤት ተሰረዘ። አዳምስ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ብር አደገች። ወርቁ ለሩሲያዊቷ ኦልጋ ርያቢንኪና ሄደ፤ የሷ ውርወራ 19.64 ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በዚህች ሴት የስፖርት ሕይወት ውስጥ የዶፒንግን ሒሳብ እንሥራ ካልን ሙሉውን እንሥራ።

ሁለተኛው ነጥብ ተቀናቃኝ አልነበራትም የሚለው ነው። ይህ ከመጀመሪያው ነጥብ ጋር ራሱ ይጋጫል። 21.36 የምትወረውር ሴት አሸንፋታለች እያሉ በዚያው ጽሑፍ ተቀናቃኝ አልነበራትም ማለት እንዴት ይሆናል?

በ2007 ኦሳካ የሆነውን ልንገራችሁ። ያኔ በባለቤቷ ስም ቫለሪ ቪሊ ተብላ ነበር የምትወዳደረው። ኦስታፕቹክ በ20.48 እየመራች ነው። ስድስተኛው ዙር ደረሰ። በአሎሎ ፍጻሜ ስድስት ሙከራ ብቻ ነው ያለው፤ ከስድስተኛው በኋላ ነገ የለም። ቪሊ ክቡ ውስጥ ገባች፣ ወረወረች፣ 20.54 ተለካ። በስድስት ሴንቲሜትር የመጀመሪያዋን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደች። ተቀናቃኝ የሌላት ሰው በመጨረሻ ሙከራዋ እንዲህ ዓይነት ውርወራ ማውጣት አያስፈልጋትም።

ቤጂንግ 2008 ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባገኘችበት ማግስት፣ በዚያው ስታዲየም፣ ቪሊ በመጀመሪያ ሙከራዋ 20.56 ወረወረች። የደረሰባት የለም። ኒውዚላንድ ከ1976ቱ የሯጩ የጆን ዎከር ድል ወዲህ በአትሌቲክስ ያገኘችው የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ከኋላዋ ሁለተኛ የወጣችው ናታሊያ ሚክኔቪች፣ ሦስተኛ የወጣችው ኦስታፕቹክ፣ ሁለቱም ከቤላሩስ። ሁለቱም ከስምንት ዓመት በኋላ በድጋሚ ምርመራ ተሰርዘዋል። ማለትም አዳምስ ደካሞችን አይደለም ያሸነፈችው። መድኃኒት የረዳቸውን ሴቶች በንጹህ ሰውነቷ ያሸነፈችበት ቀን አለ። ይህ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ በተከታታይ 56 ውድድር አሸንፋለች፤ የለንደኑ ከታረመ በኋላ ማለቴ ነው። በ2007፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2013 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በግል ውድድር አራት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ወርቆቿንና ሦስቱን የኮመንዌልዝ ወርቆች አልዘረዝራቸውም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ክብረወሰኑ። የሴቶች የአሎሎ ክብረወሰን 22.63 ሜትር ነው። የሶቪየት ኅብረቷ ናታሊያ ሊሶቭስካያ በ1987 ሞስኮ ላይ ያስመዘገበችው ነው። የአዳምስ ምርጥ ውርወራ 21.24 ነው። ጸሐፊው የ1.39 ሜትር ልዩነቱን አስልተው ገደል ብለውታል።

ገደሉ ያለው ግን በዘመናት መካከል ነው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዓመታት በምሥራቅ አውሮፓ ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬ ሰነድ ያለው ታሪክ ነው። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለአትሌቶቹ፣ ለታዳጊ ሴቶች ጭምር፣ ስቴሮይድ በዕቅድ ይሰጥ እንደነበር የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ከራሱ መዝገብ ወጥቷል። በ1980 22.45 የወረወረችው ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ኢሎና ስሉፒያኔክ በ1977 በዶፒንግ ተይዛ ተቀጥታ ነበር። ከውድድር ውጭ ድንገት የሚደረግ ምርመራ እየጠበቀ ከመጣ ወዲህ ርቀቱ ወረደ። የዛሬዎቹ ሴቶች ሰንፈው አይደለም።

ስለዚህ አዳምስን ከማን ጋር እንለካት? በእሷ ሕግ ከሚወዳደሩት ጋር ነዋ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ጀርመናዊቷ ዬሚሲ ኦጉንሌዬ ወርቅ የወሰደችው በ20.00 ሜትር ነው። አዳምስ ሪዮ ላይ ተሸንፋ ብር የወሰደችበት ውርወራ 20.42 ነበር። በ2011 ዴጉ ላይ የወረወረችው 21.24 ደግሞ ራሷ ሊሶቭስካያ በ1987 ሮም ላይ ካስመዘገበችው የሻምፒዮናው ክብረወሰን ጋር በሴንቲሜትር እኩል ነው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ ምርመራው በጠበቀበት ዘመን! ጸሐፊው ለዚህ ቦታ አልነበራቸውም።

አራተኛው ነጥብ በጣም ያስከፋኝ ነው፤ ትልቅ ስለሆነች አሸነፈች የሚለው። አዎ፣ ቁመቷ 1.93 ሜትር ነው። እናቷ ከቶንጋ ናቸው፣ አባቷ እንግሊዛዊ። ታናሽ ወንድሟ ስቲቨን አዳምስ ኤንቢኤ ውስጥ የሚጫወተው ግዙፍ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ቤተሰቡ ረጅም ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን ረጅም መሆን ብቻ አሎሎ የሚያስወረውር ቢሆን ኖሮ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ሁሉ ሻምፒዮን ያፈራ ነበር።

አሎሎ ምን እንደሚጠይቅ ቀረብ ብለን እንየው። ክቡ ከጫፍ ጫፍ 2.135 ሜትር ነው፤ አንድ ሰው እጁንና እግሩን ዘርግቶ ቢተኛ የሚሞላው። ብረቱ 4 ኪሎ ነው። አዳምስ ትጠቀምበት የነበረው የመንሸራተት ስልት ነው። ጀርባዋን ለሜዳው ትሰጣለች። አሎሎውን በጣቶቿ ሥር ይዛ አገጯ ሥር አንገቷ ላይ ታስጠጋዋለች። ቀኝ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ትላለች፣ ክብደቷ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ነው። ከዚያ ግራ እግሯን በክቡ ፊት ጠርዝ ላይ ወዳለው ማገጃ ታስፈነጥረዋለች፣ ቀኟ መሬቱን ገፍቶ ይከተላል። ወደ ኋላ እየሄደች ነው፣ የምትሄድበትን አታይም። ቀኝ እግሯ ክቡ መሃል ሲያርፍ ዳሌዋ መዞር ጀምሯል፣ ትከሻዋ ግን አሁንም ኋላውን እያየ ነው። ጥበቡ ያለው እዚህ ጋ ነው። ትከሻው ከዳሌው ከቀደመ ኃይሉ ባከነ። ቀኝ እግር ከዘገየ ጉልበቱ ወደ መሬት ቀረ። ሁሉም በሰዓቱ ከሆነ ኃይሉ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ክንድ ይወጣና በጣቶቿ ጫፍ ብረቱን ይገፋዋል። ከዚያ ደግሞ መቆም አለ። ይህ ሁሉ ፍጥነት እያለ ማገጃውን ከላይ መርገጥ አይቻልም፣ በክቡ ፊት በኩል መውጣትም አይቻልም። አንዱን ካደረገች ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ሙከራው ጠፋ።

ይህን በደም አይወርሱትም። አዳምስ ያደገችው ደቡብ ኦክላንድ፣ ማንገሬ የሚባል ሠራተኛ የሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ነው። የቀድሞዋ ጦር ወርዋሪ ኪርስተን ሄልየር በ1998 ስትይዛት የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በ2000 እናቷን በካንሰር አጣች። ገና 15 ዓመቷ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሀንጋሪ፣ ደብረጼን ላይ የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነች። በ2002 ኪንግስተን ላይ የወጣቶቹን ደገመች። ከሄልየር ጋር 12 ዓመት ያህል ሠርታ ስትለያይ ደግሞ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደች፤ የዓለም ሻምፒዮኑን ቨርነር ጉንተርን ያሠለጠኑት ዣን-ፒየር ኤገር ጋ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ሴት ከቤቷ ርቃ፣ በሌላ አሠልጣኝ፣ ስልቷን ከእግር ጀምራ ፈታትታ ልትሠራ ገባች። 21.24 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቷ እኮ አልጨመረም!

እህቷ ሊሳ አዳምስንም ላንሳ። ሊሳ በሰውነቷ ግራ በኩል ጉዳት አለባት። በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በአሎሎ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። ያሠለጠነቻት ታላቋ ቫለሪ ናት። ይህ የሰውነት ግዝፈት ብቻ ከሆነ ምኗን ነው ያስተማረቻት?

አምስተኛው፣ በ2014 ማቆም ነበረባት የሚለው። በ2014 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት ብሎ መርጧታል፤ ሽልማቱን ከሴት ወርዋሪዎች ስታገኝ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸሐፊው ውድቀት ይሉታል።

እንየው። ክርኗ፣ ትከሻዋ፣ ጉልበቷ ተራ በተራ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2015 ፓሪስ ላይ ያ ረጅም የድል ጉዞ ተቋረጠ። በ2016 ሪዮ ላይ በ20.42 እየመራች ቆይታ አሜሪካዊቷ ሚሼል ካርተር በመጨረሻው ዙር 20.63 ወርውራ ቀደመቻት። በአሎሎ እንዲህ ይሆናል፤ ራሷም ኦሳካ ላይ በሌላ ሰው ላይ ያደረገችው ነው። በ2017 ሴት ልጅ ወለደች። ከወለደች ስድስት ወር ገደማ በኋላ ጎልድ ኮስት ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታ ብር ወሰደች። በ2019 ወንድ ልጅ ወለደች። ከዚያ በ2021 ቶኪዮ ላይ፣ በ36 ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆና 19.62 ወረወረችና ነሐስ ወሰደች። አራተኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋ ነው፤ ሁለት ወርቅ፣ አንድ ብር፣ አንድ ነሐስ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። 19.62 በ2005 ሄልሲንኪ ላይ የወረወረችው ርቀት ነው። በ20 ዓመቷ የነበራትን፣ ከዚያ ሁሉ ቀዶ ጥገናና ሁለት ወሊድ በኋላ፣ ሴንቲሜትር ሳይጎድል አወጣችው። እንዲህ ያለውን ማሽቆልቆል ብዙ አትሌት ይመኘዋል።

ኦሊምፒክ ሻምፒዮን የነበረች ሴት ነሐስ ስታገኝ ለምን አሳፋሪ እንደሚሆን አይገባኝም። ጥሩነሽ በለንደን 5 ሺህ ሜትር፣ በሪዮም 10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝታለች። ሪዮ ላይ እናት ነበረች። አሳፋሪ ብለን ነበር? ያኔ ኩራታችን ነበር፣ ዛሬም ነው። አዳምስ ማርች 1 ቀን 2022 መሰናበቷን ስታሳውቅ የተሰናበተችው ባለ ሜዳሊያ ሆና ነው።

የቀረችው ለእኛ ምን ይረባናል የምትለዋ ጥያቄ ናት። የዓመቱን ምርጥ ሴት አትሌት ሽልማት በ2014 የወሰደችው አዳምስ ናት። በ2015 ማን ወሰደው? ገንዘቤ ዲባባ። በ2016? አልማዝ አያና። የገንዘቤን ሽልማት ትልቅ የሚያደርገው ከእሷ በፊት የተሸለሙት ሰዎች ትልቅነት ነው። አንዱን እያናናቁ ሌላውን ማክበር አይሆንም።

ደግሞ አሎሎ እኛ ጋ የለም የሚለው ስህተት ነው። በየዓመቱ በሚካሄደው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ሴቶች አሎሎ፣ ዲስከስና ጦር ይወረውራሉ። የሚያያቸው የለም እንጂ ይወረውራሉ። ትራኩ ላይ ሩጫ እየተካሄደ ከሆነ የሁሉም ዓይን እዚያ ነው፤ ካሜራውም እንደዚያው። ልጅቷ ስድስት ሙከራዋን ጨርሳ አሎሎዋን አንስታ ስትወጣ ስንት እንደወረወረች የሚጠይቃት ጋዜጠኛ አይኖርም። የሜዳ ተግባራት ላይ ያለን ችግር ከዚህ ይጀምራል። አሎሎ የጉልበት ብቻ ነገር ነው፣ ጥበብ የለውም፣ ለኛ አይሆንም የሚል ጽሑፍ ባነበበች ቁጥር የዚያች ልጅ አሠልጣኝ ሥራ ይከብዳል።

ከጸሐፊው የምጠይቀው ሁለት እርማት ነው። በለንደን ዝርዝራቸው ላይ የኮሎድኮ ስም አሁንም ሦስተኛ ቦታ ተቀምጧል፤ ይውጣ፣ በምትኩ ጎንግ ሊጂያዎ ሁለተኛ፣ ሊ ሊንግ ሦስተኛ ይግቡ። የ2005 ሄልሲንኪ ሜዳሊያዋንም ነሐስ ብለውታል። ብር ነው።